ቀጥሎ ምን ላንብብ? መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ታሪክ

የቀድሞ ተማሪዎች ስንገናኝ ጥያቄዎቻችን ተራ አላቸው። መጀመሪያ «ልጆች እንዴት ናቸው?» ይመጣል፤ ቀጥሎ «አሁን የት ነው የምትሠሪው?»፤ ከዚያ ስላረፉ መምህራኖቻችን እንተዛዘናለን። ወሬው ሞቅ ካለ በኋላ ደግሞ አንዱ ይነሣና «እስቲ ጥሩ መጽሐፍ ጠቁሙኝ፤ ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ከእኩዮቼም፣ በዋርድ አብረውኝ ከሚዞሩ ወጣት ሐኪሞችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሥራዬ ሕክምና ነው። ግን እኛ ሐኪሞች ታሪክ መጠየቅ ለምዶብናል፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንለው «መቼ ጀመረ?» ነው። ስለዚህ የዚህን ጥያቄም ታሪክ ልጠይቅ ብዬ ተነሣሁ። በአገራችን አንባቢ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ሲያገኝ የኖረው እንዴት ነው? መልሱ ለዛሬ ተማሪዎቻችን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፍ ሳይሆን መምህር ፍለጋ

የቤተ ክህነት ትምህርትን የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ መንገዱ አስቀድሞ የተቀየሰ እንደነበረ ያውቃል። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። መጻሕፍት ቤትም አራት ጉባኤ አለው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። የተማሪው ጭንቀት «የትኛው መጽሐፍ?» ሳይሆን «የማን ጉባኤ?» የሚል ነበር። ድጓ የሚሻ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ቅኔ የሚሻ ዋሸራን ወይም ዋድላን ያስባል፤ ትርጓሜ የሚፈልግ ጎንደርን ይመኛል። አኩፋዳውን አንግቶ አገር ለአገር የሚዞረው ከመምህር ወደ መምህር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብራና ውድ ነገር ነበር። ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ብዙ ቆዳና ብዙ ወራት ይፈልጋል። በየተማሪው እጅ ሊገባ አይችልም። መምህሩ ግን ንባቡንም ትርጓሜውንም በቃሉ ይዞታል። ስለዚህ መጽሐፍ መጠቆም ማለት ሰው መጠቆም ነበር፤ «እገሌ ዘንድ ሂድ» ማለት ነው።

ያም ሆኖ ዝርዝር አልጠፋም። ገዳማትና አድባራት ያሏቸውን መጻሕፍት በወንጌላቸው ባዶ ቅጠሎች ላይ ይመዘግቡ ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚታወቀው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዞልናል። እንዲህ ያለው መዝገብ ግን የሚጻፈው ለዕቃ ቤት ነው፤ ንብረት እንዳይጠፋ። በየብራናው ላይ መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል የምናነበውም በዚሁ ምክንያት ነው። መዝገቡ መጽሐፉ መኖሩን ይነግራል። ለምን እንደሚነበብ የሚናገረው መምህሩ ነበር። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ሁሉ ውስጥ እናገኛታለን።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ድካም

ማተሚያ መኪና ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን ልብ ወለድ ታሪክ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ፣ የአማርኛ አንባቢ ያለ መምህር ብቻውን ተቀምጦ የሚያነበው አዲስ ዓይነት መጽሐፍ አገኘ። አንባቢው ብቻውን ሲሆን ደግሞ «ከዚህስ ቀጥሎ?» የሚለው ጥያቄ የራሱ ሆነ።

ይህን ቀድመው የተረዱ የሚመስለኝ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን የሚቆጥር ሥራ አወጡ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን የሚዘረዝር ካታሎግ አሳተሙ። ብላቴን ጌታን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውና በደራሲነታቸው ነው። የካታሎግ ሥራ ግን ምስጋና የሌለው ድካም ነው። ራሱ ብዙ መጽሐፍ የጻፈ ሰው፣ የራሱን ትቶ ሌሎች የጻፉትን ሲቆጥር መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። በመካከሉ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ታተመ። ገብረ ሕይወት በጀርመን አገር ሕክምና እንደተማሩ ይነገርላቸዋል፤ ስለዚህ እኛ ሐኪሞች ትንሽ እንመካባቸዋለን። መጽሐፉ ሲታተም እሳቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እስቲ አስቡት፤ ደራሲው የለ፣ የሚያስታውቅለት የለ። የእጅ ጽሑፉን ይዞ «ይህ መነበብ አለበት» ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ የኢኮኖሚ ትምህርት ክፍሎቻችን የሚጠቅሱት ሥራ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይቀር ነበር።

ስድስት ኪሎና የመጻሕፍት ባለሙያዎቹ

ከጣልያን ወረራ በኋላ የንባብ ቤቶች ተራ መጣ። ሕዝብ እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተከፈተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ግቢው አደረገ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963፣ የሕክምና ፋኩልቲው ደግሞ በዓመቱ በ1964 ተመሠረቱ። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ከሁለቱም ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1962 መታተም ጀምሮ ነበር።

ስለ እነዚህ ተቋማት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ዲኖቹና ሕንፃዎቹ ናቸው። እኔ ደግሞ የመጻሕፍት ሰዎቹን ላንሣ። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን በዳይሬክተርነት ሲመሩ፣ ስታኒስላው ኾይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱን ያደራጁ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች ያሉበት ቤተ መጻሕፍት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ፈልጎ ገብቶ ሦስት ይዞ የሚወጣበት ነው።

ከዩኒቨርሲቲያችን መምህራን አንዱ የነበሩት ጌታቸው ኃይሌ ይህን ሥራ ባሕር ማዶ ይዘውት ሄዱ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምና ከአገር ወጥተው ኑሯቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ሆነ። እዚያም በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ በየብራናው ውስጥ ምን እንዳለ እየለዩ፣ ቅጽ በቅጽ ካታሎግ አዘጋጁ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ አዲስ አበባም ይሁን ሐምቡርግ ተቀምጦ የሚፈልገውን የግዕዝ ጽሑፍ የሚያገኘው በሳቸው ድካም ነው። ካታሎጋቸው እንደ ጥንቱ መዝገብ ቆጥሮ ብቻ አያልፍም። በዚህ ብራና ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ታሪክ አለ፣ ይህኛው የተለመደው ነው እያለ ይለይላችኋል። መዝገብና መምህር በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ጊዜው ሲከፋ

መጽሐፍ በይፋ መጠቆም አደጋ በሚሆንበት ዘመን ምን ይደረጋል? ሦስት ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛው ሬዲዮ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። አገር ሁሉ የሰማው ግን በደርግ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤታቸው ያወቁት በወጋየሁ ድምፅ ነው። የእኔ ትውልድ መጽሐፉን ገና ሳይገልጠው ታሪኩን ከቤተሰብ ሰምቶታል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ፈልጎ የሚያነበው «ሰበለን በራሴ ዓይን ልያት» ብሎ ነው። ጥሩ ትረካ ንባብን አያስቀርም፤ ወደ መጽሐፉ ይመራል።

ሁለተኛው «ኦሮማይ» ነው። የበዓሉ ግርማ ይህ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ማስታወቂያም ሆነ ግምገማ ሊወጣለት አይችልም። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፎቶ ኮፒ ወደ ፎቶ ኮፒ ዞረ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሰጠው ሰው «ነገ መልስልኝ፣ ለማንም እንዳታሳይ» ይላል። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ማዋስ ሰውየውን ማመን ነበር፤ ሰጪው የሚያስይዘው ራሱን ነው።

ሦስተኛው የእስር ቤቱ ታሪክ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ተረጎመው። ወረቀቶቹ በሚፈቱ እስረኞች በኩል ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት ወጡ፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈ ረጅም ልብ ወለድ፣ አዲስ አበባ ላይ በእስረኞች ኪስ ተሸሽጎ አንባቢ ዘንድ ደረሰ። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ስለዚያ መጽሐፍ የፈለጉትን ይበሉ፤ ተሸክሞት የወጣው እስረኛ ግን የሰጠውን ምስክርነት ማንም ሐያሲ አይሰጥም።

አዟሪውና ኪራይ ቤቱ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል አሳታሚና የግል ጋዜጣ በዛ። መጽሐፉም ወደ መንገድ ወጣ። እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ትንንሽ ሱቆች ነበሩ። ሒሳቡ በቀን ስለሆነ ሌሊቱን ጨርሶ ማደር ግድ ነው። የአናቶሚ ፈተና ደርሶ ልብ ወለድ ይዘን የተቀመጥንበት ሌሊት ያልነበረው እጁን ያውጣ!

አዟሪው ደግሞ ራሱን የቻለ ተቋም ነው። ከወገቡ እስከ አገጩ የሚደርስ የመጽሐፍ ክምር በክንዱ ደግፎ ከካፌ ካፌ ይዞራል። ጥሩ አዟሪ ፊታችሁን አይቶ ነው ከክምሩ የሚመዘው። ሽማግሌ ከሆኑ የታሪክ መጽሐፍ ወይም የጄኔራል ማስታወሻ፣ ወጣት ሴት ከሆነች ልብ ወለድ፣ ቀይ ባጅ ያንጠለጠለ የቢሮ ሰው ከሆነ ስለ ስኬት የተጻፈ ትርጉም። ይስታል፤ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከገዛችሁት በኋላ ያውቃችኋል። «ዶክተር፣ ያንቺ ዓይነት መጥቷል» ብሎ አስቁሞኝ ከሰጠኝ ውስጥ ያዘንኩበት መጽሐፍ ጥቂት ነው። ሳያውቀው የድሮውን የመጻሕፍት መምህር ሥራ እየሠራ ነው፤ መጽሐፉንም አንባቢውንም አንድ ላይ ያያል።

በአዟሪው ክምር ውስጥ አንዳንዴ የሚያሳዝን ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የባለቤቱ ስምና ፊርማ፣ ከሥሩ የተገዛበት ከተማና ዓመት፣ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ። አንድ መምህር ሲያርፍ ቤተሰቡ መጻሕፍቱን የሚያኖርበት ቦታ ሲያጣ፣ አርባ ዓመት የተሰበሰበው በኪሎ ተመዝኖ ይወጣል። መጻሕፍቱ ሌላ አንባቢ ያገኛሉ፤ እሱስ ደግ ነው። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደተነበበ፣ የትኛው ተማሪን እንደለወጠ የሚያውቀው ሰው አብሮ ሄዷል።

የሐኪም ራስጌ

በእኔ ሙያ ይህን ቀድሞ ያሰበበት ሰው ዊሊያም ኦስለር ነው። ካናዳዊው ኦስለር በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት ከመሥራቾቹ ፕሮፌሰሮች አንዱ ነበር፤ ተማሪን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ በሽተኛው አልጋ ያመጣ መምህር ተብሎ ይወደሳል። እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የንግግሮች መድበል መጨረሻ ላይ ለሕክምና ተማሪዎች የራስጌ ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን አሥር መጻሕፍትን ዘረዘረ። ከአሥሩ አንዱም የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሼክስፒር፣ ሞንታኝ፣ ፕሉታርክ፣ ማርከስ ኦሬሊየስ፣ ዶን ኪኾቴ አሉበት። ምክሩም ቀላል ነው፤ ከመተኛታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አንብቡ። እሱ ራሱ ሲሞት ወደ 8,000 የሚጠጉ መጻሕፍቱን ለተማረበት ለማጊል ዩኒቨርሲቲ አወረሰ።

ዝርዝሩን ዛሬ ብናየው የአንድ ወገን ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉበት፤ ሴት ደራሲ የለበትም፣ አፍሪካም የለችበትም። እንዳለ መቅዳት አያስፈልገንም። ልንወስድ የሚገባን ድፍረቱን ነው፤ መምህሩ ለሚያውቃቸው ተማሪዎች፣ በራሱ ስም፣ «እነዚህን ራስጌያችሁ አድርጉ» አለ።

እኛም ራስጌ የምናደርገው አናጣም። አዲስ አበባ ተወልዶ ሕክምናን እዚሁ የጀመረውና አብዮቱ ትምህርቱን ያቋረጠበት አብርሃም ቨርጌዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው «ከቲንግ ፎር ስቶን» የከተማችንን ሆስፒታል ሕይወት በልብ ወለድ ያስቀመጠ ነው። የፓንክረስት የኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ መግቢያ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል፤ ወረርሽኝን፣ ጠበልንና ባህላዊ መድኃኒትን ያነሣል። በሽተኛዬ ለምን ዘግይቶ እንደመጣ የገባኝ ከመማሪያ መጽሐፎቼ ይልቅ በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ነው።

ለማን?

የዛሬ ተማሪ መጽሐፍ አልጠፋበትም። በቴሌግራም በአንድ ቀን አንድ ሺህ ፒዲኤፍ ይደርሰዋል፤ ደራሲው የድካሙን ዋጋ አለማግኘቱ ራሱን የቻለ ሌላ በደል ነው። የጠፋው «ይህ ላንተ ነው» የሚለው ሰው ነው። በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት አይታዘዝም፤ መጽሐፍም እንዲሁ። ወጣት ሐኪም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ የጨረስከው የትኛውን ነው? ጀምረህ የተውከውስ፣ የቱ ጋ ተውከው? የምታነበው መቼ ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሌሊት ተረኛ ለሆነ ሰው 500 ገጽ ልብ ወለድ መስጠት ግፍ ነው፤ ለእሱ የአዳም ረታ «ማሕሌት» ይሻለዋል፣ አጫጭር ታሪክ ነው፤ ስልክ ቢጠራ የጀመሩትን ኋላ መጨረስ ይቻላል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወድዶ የጨረሰውን ወደ ሐዲስ «ወንጀለኛው ዳኛ» እና ወደ «ትዝታ» እመራዋለሁ። ከ«ኦሮማይ» ሌላ የበዓሉን ያላነበበ ወደ ኋላ ተመልሶ «ከአድማስ ባሻገር»ን እና «ደራሲው»ን ይያዝ። ገብረ ሕይወት ያስገረመው፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ እነዚያ ቀደምት ምሁራን በእንግሊዝኛ የጻፉትንና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውን መጽሐፍ ያንብብ። ታጋሽ አንባቢ ካገኘሁ ደግሞ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እሰጣለሁ። በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ከባድ ነው ተብሎ ብዙ ሰው አልቀረበውም። እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው ግን በየትውልዱ «ሃምሳ ገጽ ታገሥ፣ ከዚያ ታመሰግነኛለህ» የሚል አንድ ሰው ስላላጣ ነው።

እንግዲህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ እያንዳንዱ የምረቃ ዓመት አንድ ገጽ ይያዝ። እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለምን፣ በሌላ ዓረፍተ ነገር ለማን እንጻፍ። «ለሁሉም ሰው» የሚል መልስ አይቆጠርም። «ለአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ የመጀመሪያው በሽተኛው ለሞተበት» ቢባል ግን ያ ልጅ ገጹን ሲያይ ራሱን ያገኛል። ጡረታ የወጡ መምህራኖቻችንንም በጊዜ እንጠይቃቸው፤ የመጽሐፍ መደርደሪያቸው ፊት ቆመን፣ አንድ ወጣት ማስታወሻ ይዞ፣ «ጋሼ፣ ይህን ከማን አገኙት? ለማንስ ሰጡት?» ብለን። መጻሕፍቱ ኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ቢሄዱም ወደ አዟሪ፣ ታሪካቸው ግን ተጽፎ ይቀራል።

የእኔን አስቀድሜ ልስጥ፤ «አደፍርስ»፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ መልስ የሚያልቅ ለሚመስለው ተመራቂ። ምክንያቱም ሁሉም ሰው በየራሱ እውነት ሲከራከር የሚያዳምጥ መጽሐፍ ነው፤ ማዳመጥ ደግሞ ከማንኛውም ሙያ ይቀድማል። የእናንተን እጠብቃለሁ።